ስድስት ክረምት የቆየ ሙሾ

ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ የሚወጣው መንገድ በኅዳር ረፋድ የዚህ ዓለም መንገድ አይመስልም። ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ ሚኒባሱን ይቀድመዋል፤ ከዚያም ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የታጨደው ማሳ፣ የገብሱ ክምር፣ በአውድማው ላይ የሚዞሩት በሬዎች ለቅጽበት ብቅ ይሉና፣ ሰው ሊናገረው አስቦ እንደ ተወው ቃል መልሰው ይሰወራሉ። በዚያ ቅዳሜ በመስኮቱ ጥግ ተቀምጬ፣ ነቅቼ ይሁን አንቀላፍቼ በማልለይበት ስሜት ውስጥ ሳለሁ፣ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ የበትራቸውን ጫፍ ከመኪናው ወለል ላይ ነካ ነካ አድርገው፣ «ጌታው፣ ከስምንት ሰዓት በፊት እንደርሳለን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እንደምንደርስ ነገርኋቸው።

«እንግዲያ ደኅና። ከስምንት ሰዓት በኋላ ከሆነ መምጣቴ ከንቱ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ጉሙ መለሱ።

ውጭ የሚታይ ነገር ሲጠፋ ሰው ከጎኑ ወዳለው ሰው ይመለሳል። አያ ይስማው እንደሚባሉ፣ ከአርብ ገበያ ቁልቁል ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ መንደር እንደሚኖሩ፣ የመንደራቸውም የእድር ዳኛ እንደ ሆኑ አጫወቱኝ። ገብሳቸውን አውድማ ላይ በትነው፣ በሬዎቻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው የወጡት ታላቅ እህታቸውን ወይዘሮ አዛለችን ከንፋስ መውጫ ሊመልሱ ነበር። ወይዘሮ አዛለች በአገሩ ሁሉ የታወቁ አልቃሽ ናቸው፤ በለቅሶ ላይ ቆመው የሟቹን ሕይወት በስንኝ እያወጡ ሕዝቡን የሚያስለቅሱ። አሁን ግን በከተማው «የጥበብ ቤት» በሚባል አዳራሽ ውስጥ፣ የሞተ ሰው ሳይኖር፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሕዝብ ሙሾ ሊያወጡ ነው የሚል ወሬ ለወንድማቸው ደረሰ።

«ያስቡት እስቲ» አሉኝ አያ ይስማው። «ሙሾ የሬሳ ነው። ሬሳ በሌለበት ከወጣ የሚያርፍበትን ቤት ፍለጋ ይሄዳል። የማንን ቤት ሊያንኳኳ ነው?»

ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ወደዚያው አዳራሽ እየሄድሁ እንደ ሆነ፣ ሁለት ጊዜም እዚያ ቆሜ ንግግር እንዳደረግሁ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን በመጻሕፍት መካከል ያረጀ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ሰዎች የሚፈሩትን ነገር ሲናገሩ መስማት ይወዳል፤ የራሱን ለመናገር ግን ይዘገያል። ከመኪናው ስንወርድ፣ ነፋሱ ጋቢያችንን ሊወስደው ሲታገለን፣ መንገዱን እንደማውቀው ብቻ ነግሬ መራኋቸው።

የጥበብ ቤት የሚባለው ከገበያው ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ነጋዴው አብዱልከሪም ለብዙ ዘመን እህል ሲያከማችበት ኖሮ፣ ከአራት ዓመት በፊት ለከተማው ወጣቶች ትቶላቸዋል። ገብሱ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ውስጥ ትያትር ይታያል፤ ግጥም ይነበባል፤ አንድ ጊዜ አዋላጅ ነርስ፣ ሌላ ጊዜ ዘር መራጭ ገበሬ፣ ሌላ ጊዜ የቅኔ መምህር ቆመው ያስረዳሉ፤ ሕዝቡም ይጠይቃል። አንዳንዴ ከኋላ ተቀምጬ ዓይኔን ስጨፍን፣ ድምፆቹ ከመድረኩ ሳይሆን ከግድግዳው የሚወጡ፣ ቀድሞ በጆንያ ታስረው የኖሩ ይመስለኛል።

በሩ ላይ በጠመኔ «ዛሬ በስምንት ሰዓት የሙሾ ትርኢት፤ በወይዘሮ አዛለች» ተብሎ ተጽፏል። አያ ይስማው ፊደሉን አንድ በአንድ በከንፈራቸው እየለቀሙ አነበቡት። አብዱልከሪም ከደጃፉ፣ ከአንድ የተረፈ የባቄላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በገበያ ስለሚተዋወቁ ተነሥቶ ተቀበላቸው።

«አንተ ደግሞ ገብሱን ጨርሰህ ሙሾ መነገድ ጀመርህ?» አሉት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ቤት ነቀዝ ብቻ ሲያወራበት ኖረ፤ አያ ይስማው። ሰው ደግሞ ትንሽ ያውራበት ብዬ ነው» አለና በክብር አስገባቸው።

በውስጥ ወንበር የምትደረድረው የትናየት ድምፅ ሰምታ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትያትር የተማረች፣ ከዚያም ወደ ተወለደችበት ከተማ ተመልሳ ይህን ቤት ከጓደኞቿ ጋር የምትመራ ወጣት ናት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ አባቴ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። እህቴን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ይውሰዷቸው። እርስዎ ካልፈቀዱ አንድ ቃል እንደማይወጣቸው እሳቸውም ነግረውኛል።»

«የእኔን ፈቃድ ምን አመጣው?»

«እሱን እሳቸው ቢነግሩዎ ይሻላል» አለች፤ ዓይኗንም ወደ መድረኩ ጀርባ ጣል አደረገች። «ከጓሮው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ አሁን ይመጣሉ። እስከዚያው የሚያስፈራዎትን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

አያ ይስማው ለእኔ የነገሩኝን ደገሙላት፤ ጨመሩበትም። «እናንተ ልጆች በስልካችሁ የሞተውንም ያለውንም አንድ ላይ ስለምታዩ አትፈሩም። በእኛ ዘንድ ቃል ቤት አለው። የአውድማው ዘፈን አውድማ ላይ ያድራል፤ የሠርጉ ሠርግ ቤት። ሙሾን ከቤቱ አውጥቶ ማንከራተት መዓት መጥራት ነው።»

«ቃል ቤት እንዳለው እኔም አምናለሁ። ግን ልጠይቅዎ፤ እዚሁ አገራችን ያለው ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው ያውቃሉ?»

«ለንግሥ ስንቴ።»

«ለትምህርት የመጡት ተማሪዎች ጸሎተ ፍትሐቱን ሲያጠኑ፣ ዜማውን ሲደጋግሙ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሬሳ ነበረ?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። «እሱ ትምህርት ነው» አሉ።

«እኛም እየተማርን ነው፣ አባቴ። በዚህ ከተማ የእኔ እኩያ ከሆኑት ሴቶች አንዲትም ሙሾ ማውጣት አትችልም። ነገ እኛ እናቶቻችንን ስንቀብር በቴፕ ልናስለቅስ ነው?»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ስም ሄደ። የይስማው እህት አዝማሪ ሆነች ተብሎ በገበያ ቢወራ እንዴት ቀና ብዬ እሄዳለሁ አሉ። የትናየት ባለፈው ወር በዚያው መድረክ ስለ ተቀመጠ አንድ ማሲንቆ መቺ ተረከችላቸው። ሰውየው ከመጫወቱ በፊት የማሲንቆውን አንዲት ክር መቃኘት ለመማር ስንት ዓመት እንደ ፈጀበት፣ በስንት ደጅ እንደ ተሰደበ ለአዳራሹ ሰው ነገረ። ድሮ መንገድ ላይ ያላገጡበት ጎረምሶች ሲወጣ ማሲንቆውን ተቀብለው እስከ መናኸሪያ ተሸክመውለት ሄዱ። «ስም የሚረክሰው ሰው ሳያውቀው ሲያወራ ነው» አለች። «ተቀምጦ ከሰማ በኋላ ለመናቅ ይቸግረዋል።»

አያ ይስማው ግን የሚሸነፉ አልነበሩም። «ተይው እሱን። በበርሽ ላይ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ለቅሶ ትርኢት ነው? ሲያበቃስ እጃችሁን ልታጨበጭቡ ነው?»

የትናየት ፊቷ ቀላ። «ይህስ የእኔ ጥፋት ነው» አለች። ወደ በሩ ወጥታ «ትርኢት» የሚለውን ቃል በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው። የጠመኔው ነጭ ብናኝ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሲሄድ ከውስጥ ሆነን አየነው።

በማስተማር ባሳለፍሁት ዘመን የተማሩ ልጆች ሽማግሌዎችን በክርክር ሲረቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የተረታ ሽማግሌ ግን ሲለወጥ አላየሁም። መረታት በርን ይዘጋል። የትናየት ጥፋቷን ባበሰች ጊዜ ግን የአያ ይስማው ትከሻ፣ እሳቸውም ሳያውቁት፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ።

በዚህ መካከል ወይዘሮ አዛለች ገቡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሲራመዱ ከወለሉ ይልቅ ጉሙን የሚረግጡ ይመስላሉ።

«ወንድምዓለም፣ አውድማውን ጥለህ መጣህ?»

«ነይ እንሂድ፣ እታለም።»

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን የማን ሙሾ እንደ ሆነ ጠይቀኝ።»

ወለሉን ነካ ነካ ያደርግ የነበረው በትር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የብርቄ ነው» አሏቸው።

ብርቄ የአያ ይስማው ሚስት ነበሩ። የሆነውን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቤት፣ ከራሳቸው ከአያ ይስማው አንደበት ሰማሁ። ከስድስት ክረምት በፊት፣ በዚያ ስሙን ሁሉም በሚያውቀው የበሽታ ዓመት፣ ለቅሶ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብበት በታወጀ ጊዜ፣ አዋጁን ለመንደሩ ያነበቡት የእድር ዳኛው አያ ይስማው ነበሩ። ከወር በኋላ ብርቄ በሌላ ሕመም አረፉ። በሰው ላይ ያነበብሁትን በቤቴ አልሽርም አሉና፣ ከየአቅጣጫው ለለቅሶ የመጣውን አገር መንገድ ላይ ቆመው መለሱት። የብርቄ የልብ ወዳጅ የነበሩት ወይዘሮ ካሣነሽ ልግባ ብለው ቢታገሉ በትራቸውን አነሡባቸው። ካሣነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ማዶ ለማዶ እየኖሩ፣ የእግዜር ሰላምታ አልሰጧቸውም። አርባውም እንደዚያው አለፈ። አዋጁ ሲነሣ ደግሞ የደረቀ ለቅሶ አይቀሰቀስም ብለው ተዉት።

«በዚህ በትር ነው የመለስኋቸው» አሉ አያ ይስማው፤ በትሩንም የሌላ ሰው ይመስል ተመለከቱት።

«እኔንም መልሰኸኛል» አሉ እህታቸው። «ሙሾውን እየተመለስሁ መንገድ ላይ አወጣሁት። አሥራ ሁለት ስንኝ ነበር። ለማንም አላሰማሁትም፤ አልቃሽ ያለ ባለሐዘኑ ፈቃድ የሟች ስም አታነሣም፤ አንተ ደግሞ ስሟ ሲነሣ ከቤት ትወጣለህ። በቀደም ገብስ ስሸከሽክ ሦስቱ ስንኝ ከአእምሮዬ ጠፋ። አጥብቄ ፈለግሁት፤ የለም። የቀረው ከእኔ ጋር ከተቀበረ ብርቄ ሁለተኛ ያለ አልቃሽ ሄደች ማለት ነው። ይህች ልጅ ደግሞ ስምሽን ጽፌ፣ ስሟን ጽፌ፣ ድምፅሽን ቀርጬ አስቀምጠዋለሁ አለችኝ። ለዚህ ነው የመጣሁ፤ ወሬውን ሰምተህ እንደምትመጣም አውቄ ነበር።»

ነፋሱ በቆርቆሮው ላይ እየሄደ ይመለስ ነበር።

«አባቴ» አለች የትናየት፤ ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ። «ሙሾ ያለ ሬሳ አይወጣም ብለዋል። ሬሳስ ያለ ሙሾ ወጥቶ የለም?»

አያ ይስማው ወደ ደጃፉ ሄደው በአብዱልከሪም ጆንያ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባለ ጆንያውም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ያን ዓመት እናቴን አራት ሆነን ነው የቀበርናት» አለ። «በእኛ ዘንድ ሙሾ የለም፣ አያ ይስማው። የሰው መምጣት ግን አለ። የቀረብኝ እሱ ነው። ይህን ቤት ባዶ ሳየው ያ ያልመጣው ሰው ትዝ ይለኛል፤ ለልጆቹ የሰጠሁት ለዚህ ነው።»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር አያ ይስማው ተነሡ። እጅ እንዳይጨበጨብ፣ ሕዝቡ ወንበሩን ትቶ እንደ ለቅሶ ወግ ቆሞ እንዲሰማ፣ ከሙሾውም በፊት ብርቄ ማን እንደ ነበሩ እንዲነገር ጠየቁ። የትናየት ሁሉንም ተቀበለች፤ እንዲያውም ይህን ቀድሞ ያላሰበችው እሷ መሆኗ እንደ ቆጫት ነገረቻቸው። ወይዘሮ አዛለች ግን ወንድማቸውን ጠጋ ብለው፣ «አንተም አለህበት። አልቀንስልህም» አሉ።

«ልኑርበት» አሉ።

መቶ የሚሆን ሰው ገባ። ወንበሮቹ ወደ ጥግ ተገፉ። ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቱ ነጠላውን በሐዘን ወግ አዙሮ ለበሰ፤ ማንም አላዘዛቸውም። በሩ ክፍት ስለ ነበር ጉሙም አብሮ ገባ፤ በሰዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ይቆማል፤ እሱም የተጠራ ይመስላል። የትናየት ስለ ብርቄ በአጭሩ ተናገረች፤ ለወላድ ሁሉ ገንፎ ይዘው የሚደርሱ፣ የተጣሉትን የሚያስታርቁ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሴት እንደ ነበሩ። ከዚያ ወይዘሮ አዛለች ድምፃቸውን አነሡ። ዜማው መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከሌላ ሸንተረር የሚመጣ መሰለኝ፤ ቀስ በቀስ ቀረበ፤ በመጨረሻም በእያንዳንዳችን ደረት ውስጥ ነበር።

አገሩ ሲመጣ ሊያለቅስሽ በእግሩ፣
በበትር መለሰው የቤትሽ ማገሩ።

ሕዝቡ እየተቀበለ አለቀሰ። ባለ በትሩ ማን እንደ ሆነ ከሚያውቁት መካከል ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ ይህ የለቅሶ ጨዋነት ነው። አያ ይስማው ከምሰሶው ሥር ጋቢያቸውን አዙረው ቆመው ነበር። እህታቸው ትንፋሽ ወስደው፣ ከዓመታት በኋላ የጨመሩትን ቀጠሉ።

ማገሩም አልጸና አንቺ የሄድሽ ለቱ፣
ስድስት ክረምት ሙሉ ሲያፈስ ኖረ ቤቱ።

ያን ጊዜ አያ ይስማው አለቀሱ። ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ ከዚያ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ድምፅ አልነበረውም፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደሚፈርስ ካብ ነበር። አብዱልከሪም ክንዳቸውን ደገፈ። በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በዚያ ዓመት በሩቅ የቀበረውን፣ ሳይሸኝ የቀረውን የራሱን ሰው እያሰበ እንደሚያለቅስ ገባኝ፤ እኔም የራሴ ነበረኝ። ዘጠኙ ስንኝ ከነጭማሪው ሲያልቅ ማንም እጁን አላንቀሳቀሰም። ጉሙ ብቻ ወጣ።

በዚያ ቤት ልማድ ከዝግጅቱ በኋላ ንግግር ይደረጋል። የትናየት ማንንም አልጠራችም፤ አያ ይስማው ራሳቸው ወደ ፊት ወጡ።

«የእድር ዳኛ ነኝ» አሉ። «አዋጁ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢታወጅ አስከብረዋለሁ፤ ስንቱን ሰው አትርፏል። ስሕተቴ ሌላ ነው። በሽታው ሄዶ እኔ ከመንገዱ ላይ አልወረድሁም። ስድስት ዓመት እዚያው ቆሜ ኖርሁ። ከእህቴ ዘንድ የቀረው ሙሾ ቤት ፍለጋ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ፤ ለካስ የራሱን ቤት ነበር የሚፈልገው።»

ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ዝም አላሉም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ እንደ ሰማሁት፣ ያን አዳራሽ ከወቀሱበት በበለጠ ቃል አመሰገኑት። የእናቶቻችን ስንኝ በባለቤቱ ስም ተጽፎ፣ ድምፁም ተቀርጾ እንደሚቀመጥ፤ ልጆቻችን ስልካቸውን አጥፍተው የአዋቂ ቃል ቆመው እንደሚሰሙ፤ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ አዋላጇም ያወቁትን ለሌላው እንደሚያካፍሉበት፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በየቤታቸው የያዙትን ሐዘን በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያወርዱበት አስረዱ። ወግ የሚሞተው ከቦታው ስለ ተንቀሳቀሰ ሳይሆን ሰሚ በማጣቱ እንደ ሆነ ነገሯቸው። እድሩም በየወሩ አንድ አዋቂ ወደዚያ ሊልክ ተስማማ። እኔ በሁለት ንግግር ልገልጸው ያልቻልሁትን የዚያን ቤት ጥቅም አንድ ሐዘንተኛ ገበሬ በአንድ ስብሰባ ጨረሰው፤ አላፈርሁም፤ ቀናሁ እንጂ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ቅዳሜ፣ የመጀመሪያዋ የእድሩ አዋቂ ስለ ጥንታዊ የገብስ ዘሮች ልትናገር በመጣችበት ቀን፣ አያ ይስማው ቀድመው ደርሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሚገባውን ሁሉ «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። ጉሙ ያን ቀንም ነበር። ከውስጡ አንዲት አጠር ያሉ ሽማግሌ ሴት ወጡና፣ በሩን ከነባለ በትሩ ሲያዩ ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቀጥ አሉ። እንደ ያኔው መግቢያ ተከልክለው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ማንነታቸውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

አያ ይስማው ጎንበስ ብለው በትሩን ከመቃኑ ሥር አጋደሙት፤ ባዶ እጃቸውን ይዘው ከደጃፉ ገለል አሉ።

«ካሣነሽ፣ ግቢ» አሉ።

ወይዘሮ ካሣነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የተጋደመውን በትር ተራምደው ገቡ፤ በሩን ሲያልፉም፣ ወደ እሳቸው ሳይዞሩ፣ «እንደምን ከረምህ፣ ይስማው» አሉ።